ጭስ የለውም ብለው ይጻፉለት

ሆሳዕና፣ ሰኔ ፲፪ ቀን ፳፻፲፮ ዓ.ም.

ለውድ ልጃችን ለእንድርያስ፤

ስደተኛይቱ እመቤት በሄድህበት የበረዶ አገር ከፊትህ ትቅደም፤ ልጇም መውጣትህንና መግባትህን ይባርክልህ። እኔ አሳዳጊህ ሀብቴና አክስትህ ከበቡሽ፣ ስሙ ይክበርና፣ እስከዚህች ቀን በሕይወት አለን።

ከሁሉ አስቀድሜ የምሥራቹን ልንገርህ። ሥዕሉን የላክህልን የእንጨት ቦይለር ተሠርቶ በቤታችን ቆሟል። የሠራው ነህምያ ነው፤ በጃጁራ መውጫ በርና መስኮት የሚበይደው። መጀመሪያ «አባባ፣ እኔ በር እንጂ እሳት ማደሪያ ሠርቼ አላውቅም» ብሎ አስፈርቶኝ ነበር። ሥዕልህን ከሱቁ ግድግዳ ላይ ለጥፎ እያየ፣ የእሳቱን ሣጥን በውኃው በርሜል ውስጥ አስገብቶ፣ የጭስ ማውጫውን ቱቦ በጣራው አሳልፎ፣ በሳሎኑና በመታጠቢያው መካከል ባለው ጥግ አቆመልን። ጎረቤታችን አቶ ተረፈ ከጸሎት ቤት ሲመለስ ገብቶ አየና «መሪጌታ፣ ባቡር ገዙ እንዴ?» አለኝ። ሰፈሩ ሁሉ ሲስቅ ዋለ።

ሐኪሙ «የሴትዮዋን ሳንባ የጎዳው የምድጃ ጭስ ነው፤ ከጭስ ትራቅ» ካለ ወዲህ እንቅልፍ እንዳልነበረህ አውቃለሁ። እሳቱ በብረት ውስጥ ታስሮ ውኃዋን እንዲያሞቅላት፣ በክረምቱም ቤቷን እንዲያሞቅላት ማሰብህ እንደ ጸሎት የሚቆጠር ነው። ባርካሃለች፤ እጇን ወደ ላይ ዘርግታ ነው የባረከችህ።

ስለ ጭሱ ለጠየቅኸው፣ ከበቡሽ «ጭስ የለውም ብለው ይጻፉለት» ብላኛለችና ይኸው በቃሏ ጽፌልሃለሁ።

እንደ ወትሮው እኔ በብዕር የጻፍሁትን የአቶ ተረፈ ልጅ ሊዲያ በስልኳ ፎቶ አንሥታ ትልክልሃለች። የቦይለሩንም ፎቶ አብራ ትልካለች። ስልክ መደወልን በተመለከተ ከበቡሽ «ኔትወርኩ አይሰማም» ትላለች።

እቴቴህ ከበቡሽ ጉንጭህን ትስማለች። እኔም በመስቀሉ ጥላ አስጠግቼሃለሁ።

መሪጌታ ሀብቴ


ፊንላንድ፣ ሐምሌ 3 ቀን 2016 ዓ.ም.

ይድረስ ለተከበሩ አባቴ ለየኔታ ሀብቴ፣ እንዲሁም ለምወዳት ለእቴቴ ከበቡሽ፤

ፊደል ባስቆጠሩኝ አንደበትዎ ስሜ በጸሎት ስለሚነሣ እስከ ዛሬ ቆሜያለሁ። እግዚአብሔር ይመስገን፤ ደኅና ነኝ። የመኖሪያ ወረቀቴ ገና አልወጣም፤ እስኪወጣም ድረስ ከዚህ አገር መውጣት አልችልም። ሥራዬ ግን ያው ነው። የአንዲት አሮጊት የእንግዳ ማረፊያ ውስጥ፣ ከምድር ቤት ያለውን የእንጨት ቦይለር አነድዳለሁ።

«ባቡር ገዙ እንዴ?» የሚለውን ሳነብ ብቻዬን ጮኬ ሳቅሁ። የኔታ፣ እኔም መጀመሪያ ያነደድሁበት ቀን ጭሱ በደረጃው ወጥቶ እንግዶቹ በሌሊት ልብሳቸው እያሳሉ ደጅ ወጥተውብኛል። አሮጊቷ ክብሪቱን ከእጄ ተቀበሉኝ። ከዚያ ወዲህ ቀስ በቀስ ለመድሁት።

ፎቶውን ደጋግሜ አየሁት። ከቦይለሩ በር በላይ ያለው ግድግዳ ጠቁሯል። የኔታ፣ አዲስ የቆመ ቦይለር ካላጨሰ ግድግዳው አይጠቁርም። እቴቴ ጭስ የለውም ካለች አለ ማለት ነው። እኔን ከማስከፋት ዓይኗ ቢጠፋ ትመርጣለች፤ አውቃታለሁ።

ስለዚህ እንዲህ ያድርጉልኝ። እንጨት ለመጨመር በሩን ከመክፈትዎ በፊት፣ ነህምያ በቱቦው ላይ የሠራውን መዝጊያ እስከ ጥጉ ይክፈቱት። ከዚያ የእሳቱን በር ጣት በሚያስገባ ልክ ብቻ ገርበብ አድርገው ትንሽ ይታገሡ። ጭሱ መንገዱን ወደ ላይ ሲይዝ ያያሉ፤ ያን ጊዜ ቀስ ብለው ይክፈቱ። ነበልባሉ እየነደደ አይክፈቱት፤ እንጨቱ አልቆ ፍም ብቻ ሲቀር ነው። ፍሙን ወደ በሩ ይሳቡትና ፍልጡን ሳያጨናንቁ ያስቀምጡ። ሣጥኑ ሞልቶ ከታፈነ ከመንደድ ይልቅ ይጨሳል። እንጨቱም የደረቀ ይሁን። ሁለቱን ፍልጥ ሲያጋጩት ጥርት ያለ ድምፅ ካልሰጠ ገና ነው።

እቴቴ ስልክ አታነሣም። ይጠራል፣ ይጠራል፣ ይዘጋል። ኔትወርክ ከሌለ እንዴት ይጠራል?

ልጃችሁ እንድርያስ


ሆሳዕና፣ ነሐሴ ፩ ቀን ፳፻፲፮ ዓ.ም.

ለልጃችን ለእንድርያስ፤

ጾመ ፍልሰታ ዛሬ ገብቷል። የጾሙ በረከት በዚያ ጾመኛ በሌለበት አገር ይድረስህ።

ይህን የምጽፈው ከበቡሽ ጋደም ባለችበት ሰዓት ነው። ነቅታ ቢሆን አታስጽፈኝም ነበርና ቃሌን ሳልሸፋፍን ልስጥህ፤ ቦይለሩ ያጨሳል። ከቆመበት ቀን ጀምሮ ያጨሳል። የፊተኛውን ደብዳቤ ስጽፍ በመካከላችን የነበረውን ንግግር እንዳለ ላስቀምጥልህ።

«መሪጌታ፣ ስለ ጭሱ ይጻፉለት እንጂ» አለችኝ።

«ምን ብዬ ልጻፍ?»

«ጭስ የለውም ብለው ይጻፉለት።»

«ከበቡሽ፣ ዓይንሽ እንባ ሞልቶ ነው'ኮ ይህን የምትዪኝ።»

«ዓይኑ የማን ነው? የእኔ አይደለም? ልጁ በዚያ በረዶ ላይ ሆኖ ለእኔ አስቦ የላከውን 'አጨሰብን' ብለን ልናሳዝነው ነው? እርስዎ ውሸት የሚከብድዎ ከሆነ 'እርሷ አለች' ብለው ይጻፉ። ኃጢአቱ በእኔ ይሁን።»

እንዳለችውም አደረግሁ።

በሩን ስለ መክፈት የመከርኸኝን ፈጽሜያለሁ። መዝጊያውን አስቀድሜ እከፍታለሁ፤ በሩን ገርበብ አድርጌ እታገሣለሁ፤ ፍሙን እስባለሁ። እውነት ነው፣ ስንጨምር የሚወጣው ጭስ ቀንሷል። ነገር ግን በሩን ዘግቼም በየስፌቱ ይወጣል። ወደ ላይ ጥቂት ሄዶ ተመልሶ ወደ ቤቱ ይገባል። እንጨቱም አስቸግሮናል። ከሀቢቾ በኩል ተሸክመው የሚያመጡት ሴቶች ከላይ ዝናብ፣ ከታች ጭቃ ነው የሚያገኛቸው። ባሕር ዛፉ ገና ሲነድ ጫፉ ላይ ውኃ ያንተከትካል።

ሳሉ ብሶባታል። «እናጥፋው፤ በጋ ሲገባ እናነድዳለን» አልኋት። «ይህን እሳት ካጠፉት እኔን አጠፉኝ» አለች። «ጀርባዬን በርሜሉ ላይ ሳስደግፍ ልጄ ያዘለኝ ይመስለኛል። ድሮ እኔ አዝዬው የለ? አሁን ተራው ነው።» እኔም አጠገቧ ቁጭ ብዬ ጸሎቴን አደርሳለሁ።

የአቶ ተረፈ ባለቤት ትርፊት ግን አልተወቻትም። «ይህቺን ሴትዮ የመታት ብርድ ነው፤ ጠላቷ ያ መስኮት ነው» ብላ፣ ቆጮ ሲፋቅ የሚተርፈውን ቃጫ በጆንያ አምጥታ፣ የመስኮቱን ዙሪያ ከእኔ ጋር ስትጠቀጥቅ ዋለች። እኔም አሮጌውን ጋቢዬን ጠቅልዬ በበሩ ሥር ዘርግቼዋለሁ። አሁን ብርድ የሚገባበት ቀዳዳ የለም። ሻማ ባበራ ነበልባሉ እንኳ ቀጥ ብሎ ይቆማል እንጂ አይወዛወዝም።

ስልኩን ስለማንሣት የጠየቅኸው፣ አጥፍታ በሣጥኗ ቆልፋበታለች፤ ቁልፉ በአንገቷ ነው። «ሳሌን ከሰማ ወረቀቱንም ሥራውንም ጥሎ ይመጣል» ትላለች።

እቴቴህ ሰላም ትልሃለች። ተኝታ ሳለች ስምህን ስትጠራ ሰምቻታለሁና ይህን ሰላምታ ያለ ፈቃዷ አልጻፍሁትም።

መሪጌታ ሀብቴ


ፊንላንድ፣ ነሐሴ 5 ቀን 2016 ዓ.ም.

የኔታ፤

ሰላምታዬ ይቆየኝ። አስቀድመው መስኮቱን ይክፈቱ። ይህን ቃል እንዳነበቡ ወረቀቱን ያስቀምጡና ቃጫውን ነቅለው መስኮቱን ይክፈቱ፤ ከበሩ ሥር ጋቢውን ያንሡ። የቀረውን ከዚያ በኋላ ያንብቡ።

እሳት አየር ይፈልጋል። ቱቦው ጭሱን ወደ ላይ የሚስበው በምትኩ ከታች አየር ሲገባለት ነው። ቤቱ ከታፈነ ቱቦው ራሱ ወደ ታች ይስባል፤ ጭሱም ወደ እናንተ ይመለሳል። ከጭሱም ጋር ሽታ የሌለው፣ ዓይን የማያየው መርዝ አለ። አንዲት ሻማ ያላወዛወዘ ቤት ውስጥ እቴቴ ጀርባዋን አስደግፋ ተኝታለች።

ብርድ አይደለም፣ የኔታ። ትርፊት በፍቅር ያደረገችው ነው፤ ነገር ግን ብርድ አይደለም።

እስከምነግርዎ ድረስ አያንድዱት። እምቢ ካለች በእኔ ስም ይዘዟት። «እንድርያስ ካላጠፋችሁት ተቀይሜያችኋለሁ ብሏል» ይበሏት።

ኋላ እንጨቱ ደርቆ፣ መስኮቱም ተከፍቶ ስታነድዱ ደግሞ አነዳዱን ይለውጡት። እኛ አገር ጭራሮ ከታች፣ ፍልጥ ከላይ ነው የምናደርገው። እርስዎ ይገልብጡት። ወፍራሙ ፍልጥ ከታች ይቀመጥ፣ ቀጭኑ በላዩ፣ ጭራሮው ከሁሉ በላይ፤ ክብሪቱ የሚጫረው ከላይ ነው። እሳቱ እንደ ሻማ ወደ ታች ይወርዳል። ከታች የሚነሣው ጭስ በነበልባሉ መካከል ሲያልፍ ይቃጠላል እንጂ አይወጣም። ከዚያም በፊት ደረቅ ገለባ ጠቅልለው በቱቦው አፍ ያቃጥሉ። ቱቦው ቀዝቃዛ ከሆነ ጭሱን አይቀበልም።

በዚህ ቤት ከደጅ ተነሥቶ በወለሉ ሥር እስከ ቦይለሩ የሚመጣ የአየር ቱቦ አለ። ጠዋት ማታ በላዩ እረማመድበታለሁ። በላክሁላችሁ ሥዕል ላይ ግን አልሣልሁትም። አልታየኝም ነበር፣ የኔታ።

እንድርያስ


ፊንላንድ፣ ነሐሴ 11 ቀን 2016 ዓ.ም.

የኔታ፤

ደብዳቤዬ እስካሁን አልተከፈተም። የሊዲያ ስልክ ዝግ ነው ይላል። የእቴቴም ዝግ ነው። የአቶ ተረፈን ቁጥር አልያዝሁም። መስኮቱ ተከፈተ? ይህን ብቻ ይንገሩኝ። ሌላ ምንም አልፈልግም።

እንድርያስ


ሆሳዕና፣ መስከረም ፲፬ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም.

ለውድ ልጃችን ለእንድርያስ፤

ዘመንን በዘመን የሚተካ አምላክ አዲሱን ዓመት የመጽናናት ያድርግልህ። ክንዱ ትያዝህ፤ ከዓይንህም አትሰወር።

መልሴ ስለ ዘገየ ይቅር በለኝ። ሊዲያ እኅቷ ወልዳ ልታርሳት ሙዱላ ሄዳ ነበር፤ በዚያ በዝናቡ ምክንያት መስመሩ ተበጥሶ ስልኳ አልሠራም። የላክሃቸውን ሁለቱን ደብዳቤዎች ስትመለስ፣ ነሐሴ ፳፩ ቀን አነበበችልኝ። ያልኸኝን አደረግሁ። ወረቀቱን ከማስጨረሴ በፊት ተነሥቼ ቃጫውን ነቀልሁ፤ መስኮቱንም ከፈትሁ።

ስለ ቦይለሩ እንድነግርህ እንደምትፈልግ አስባለሁ። እንጨቱን ነህምያ ከሱቁ ጣራ ሥር ደርድሮ እያደረቀልን ነው። ጫፉ ተሰነጣጥቋል፤ ሲጋጭም እንደ ጸናጽል ጥርት ብሎ ይጮኻል። ነህምያ ግድግዳውን በስቶ ከደጅ እስከ እሳቱ ሥር የምትደርስ አንዲት ቱቦ አስገባልን። ዋጋ ብጠይቀው አልቀበልም አለ። ከላይ ወደ ታች አነድዳለሁ፤ ገለባውን በቱቦው አፍ አቃጥላለሁ። እንዳልኸውም ጭሱ በነበልባሉ መካከል ሲያልፍ ይጠፋል። ደጅ ወጥቼ ወደ ጣራው ባይ፣ እሳት የነደደበት ቤት አይመስልም። ጥቁሩንም ግድግዳ ኖራ ቀብተነዋል።

ሰሞኑን ሰው ስለሚገባ ስለሚወጣ የቤታችን በር አይዘጋም። አየር አልቸገረንም።

እኔ ደኅና ነኝ። አቶ ተረፈ፣ ወይዘሮ ትርፊት፣ ሊዲያ፣ ነህምያም ሰላም ይሉሃል።

መሪጌታ ሀብቴ


ፊንላንድ፣ መስከረም 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለተከበሩ አባቴ ለየኔታ ሀብቴ፤

ደብዳቤዎ ደርሶኛል። ክንዱ ትያዝህ ብለው ጽፈዋል፤ ተይዣለሁ።

ሊዲያ የላከችውን ፎቶ አጉልቼ እየተመለከትሁ አንዲት ቃል ስፈልግ ዋልሁ። እስከ ዛሬ ከእርስዎ የመጣ ደብዳቤ ሁሉ የሚዘጋው በእቴቴ ሰላምታ ነበር። ወይ ጉንጬን ትስማለች፣ ወይ በእንቅልፏ ስሜን ትጠራለች። በዚህኛው አቶ ተረፈ አሉ፤ ትርፊት አለች፤ ሊዲያና ነህምያ አሉ።

አልጠይቅዎትም። ያሳደጉኝ እርስዎ ነዎት፤ ሥርዓታችንን አውቃለሁ። እንዲህ ያለው ነገር በወረቀት አይላክም፤ ብቻውን ላለ ሰውም አይነገርም። ሽማግሌ ይላካል፣ በማለዳ ሄዶ በአንደበቱ ይናገራል። ምናልባት ይህን ስጽፍልዎ ሰው ለምነው ይሆናል። ቀሲስ አሳምነው በዚህ አገር ዋና ከተማ እንደሚያገለግሉ በአንድ ወቅት ጽፌልዎት ነበርና እርሳቸው ይሆናሉ ብዬ እገምታለሁ።

የምለምንዎ አንድ ነገር ነው። አያስቸኩሏቸው። እስኪነገረኝ ድረስ አለችኝ። ጠዋት ቦይለሩን ሳነድድ «እቴቴ፣ ገለባውን አስቀድሚ» እላታለሁ። ማታ ደግሞ «ዛሬ ጭስ የለውም» እላታለሁ። ጥቂት ቀን እንዲህ ልቆይ።

እቴቴን ሰላም ይበሉልኝ።

ልጅዎ እንድርያስ


ሆሳዕና፣ ጥቅምት ፪ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም.

ልጄ እንድርያስ፤

የሚያጽናና መንፈስ ከአንተ ጋር ይሁን።

ደብዳቤህን ሊዲያ ልታነብልኝ ጀምራ ከመካከል አቋረጠች። ተቀብዬ ራሴ በመነጽሬ አነበብሁት።

መንገዱ ሩቅ ነው፤ በረዶም ጀምሯል ይላሉ። ማንም አልቸኮለም። ሰው መጥቶ ሲያንኳኳ ግን በሩን ክፈትለት።

መሪጌታ ሀብቴ


ፊንላንድ፣ ጥቅምት 26 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለአባቴ ለየኔታ፤

መጥተው ነበር። ከፍቼላቸዋለሁ።

በጠዋት ምድር ቤት ሆኜ እንጨት ልጨምር ስል፣ በትንሿ መስኮት በኩል በበረዶው ላይ ሦስት ሰዎች ሲመጡ አየሁ። ቀሲስ አሳምነው ነጭ ነጠላ ከካፖርታቸው በላይ ለብሰዋል። የዱራሜ ልጅ የሆነችው ሶስና አብራቸው አለች፤ በታክሲው ያመጣቸው ዮሲም ከኋላ ነበር። ሶስና ሙቀት የሚይዝ የምግብ ዕቃ በሁለት እጇ ይዛለች። በዚህ በረዶ በጠዋት ተነሥታ ምን ቀቅላ እንደመጣች ሳትከፍተው አወቅሁ። ንፍሮ ነበር።

የኔታ፣ ወዲያው አልወጣሁም። የቱቦውን መዝጊያ ከፍቻለሁ፤ በሩንም ገርበብ አድርጌዋለሁ። ጭሱ መንገዱን እስኪይዝ ታገሥሁ። ፍሙን ሳብሁ፣ ፍልጡን አንድ በአንድ አስቀመጥሁ፣ ዘጋሁ። ምንም አላጨሰም። እጄን ታጠብሁና ወደ በሩ ወጣሁ።

«እንደምን አደርህ፣ እንድርያስ» አሉኝ።

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ አባ። ይግቡ፣ ብርድ ነው።»

«አውቀሃል፣ አይደለም?» አሉኝ።

«አውቄያለሁ። ግን ይንገሩኝ። ሳይነገረኝ ማልቀስ አልቻልሁም።»

ነገሩኝ። ሶስና ከእኔ ቀድማ ወደቀች፤ አይታት የማታውቀውን ሴት «እናቴ፣ እናቴ» እያለች። ዮሲ በደረጃው ላይ ተቀምጦ ኮፍያውን በፊቱ ላይ አደረገ። አሮጊቷ አሠሪዬ ከፎቅ ወረዱ፤ አንድም ቃል ሳይገባቸው መጥተው አጠገቤ ወለሉ ላይ ተቀመጡ። በሰባ ምናምን ዓመታቸው።

አሁን ስለተነገረኝ መጠየቅ እችላለሁ። መቼ ነው? ደብዳቤዬ ሳይደርስ ነው ወይስ ደርሶ? ደግሞም፣ የኔታ፣ ቦይለሩ ነው? እንዳያጽናኑኝ። እንደ አባት ሳይሆን ውሸት እንደሚከብደው ሰው ይመልሱልኝ።

እንድርያስ


ሆሳዕና፣ ኅዳር ፲ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም.

ለልጄ ለእንድርያስ፤

እንባህን የሚቆጥር አምላክ አንዲቱንም አይጣልብህ።

እንደ ጠየቅኸኝ እመልስልሃለሁ።

የፍልሰታ ጾም ሊፈታ ጥቂት ቀን ሲቀረው ነው። ደብዳቤህ ገና አልደረሰም ነበር። ከኪዳን ስመለስ እንደ ወትሮው ጀርባዋን በርሜሉ ላይ አስደግፋ፣ ነጠላዋን ተከናንባ ተቀምጣለች። «ከበቡሽ፣ ጠበሉን ቅመሽ» አልኋት። ዝም አለችኝ። ፊቷ ቀልቶ ስለነበር የተሻላት መስሎኝ ጥቂት ደስ አለኝ። እጇን ስይዘው ሞቃት ነበር። ከእሳቱ የተነሣ ነው እንጂ ከእርሷ እንዳልነበረ የገባኝ ዘግይቼ ነው። እኔንም ራሴን አዞረኝና በሩ ላይ ወደቅሁ፤ ትርፊት ናት ጎትታ ያወጣችኝ።

ቦይለሩ ነው ወይ አልኸኝ። ሐኪሙ ሳንባዋ ከልጅነቷ ጀምሮ በምድጃ ላይ ጎንበስ ብላ እፍ ስትል የተጎዳ መሆኑን፣ በዚያ ክረምት ያለ ቦይለሩም ላትወጣው ትችል እንደ ነበር ነገረኝ። ይህ እውነት ነው። ቤቱ ታፍኖ እንደ ነበርም ነገረኝ። ይህም እውነት ነው። ከሁለቱ የትኛው እንደ ወሰዳት የሚያውቅ አንድ ነው፤ እርሱም አልነገረኝም። አንተ በሥዕሉ ላይ ቱቦውን አልሣልህም፤ እኔ ቃጫውን በእጄ ጠቀጠቅሁ፤ ትርፊት ቃጫውን አመጣች፤ ከበቡሽም ጭስ የለውም ብለው ይጻፉለት አለች። አራታችንም ይህን ያደረግነው ከፍቅር የተነሣ ነበር። በአርባ ቀን ፍትሐቷ ላይ ቆሜ ስዘምር ይህን ሳስብ ዜማው ጠፋብኝ። አርባ ዓመት ሙሉ ለሌላው ሰው ሳዜም ያልጠፋኝ ዜማ።

ትርፊት ለብዙ ቀን ወደ ቤታችን አልገባችም። በአጥሩ በኩል ስታየኝ ፊቷን ታዞራለች። ለተዝካሩ ዕለት ራሴ ሄጄ «ነይ፣ ያለ አንቺ ቤቱ አይሞላም» አልኋት። መጥታ በሩ ላይ ቆመችና «መሪጌታ፣ እኔ እኮ ብርድ መስሎኝ ነው» አለችኝ። «እኔም መስሎኝ ነው» አልኋት። ገብታ እጅጌዋን ሰብስባ ለእንግዳው ሁሉ እጅ ታስታጥብ ጀመር። ውኃው የቦይለሩ ነበር፤ ለብ ያለ።

አሁን ስለ እኔ ልንገርህ። ሰዎች «ይህን ብረት ነቅለው ይጣሉት፤ እንዴት ያዩታል?» ይሉኛል። አልጣልሁትም። ልጥለው ተነሥቼ ነህምያን አስጠርቼው ነበር። መጥቶ በርሜሉን ሲነካ፣ ጀርባዋን ታስደግፍበት የነበረው ቦታ ላይ ዝገቱ ተጠርጎ የብረቱ ገላ እንደ መስተዋት ሲያበራ አየን። መፍቻውን በኪሱ መልሶ ወጣ።

ስለዚህ በየማለዳው ከኪዳን ስመለስ እኔ አነድደዋለሁ። ገለባውን በቱቦው አፍ አቃጥላለሁ። ወፍራሙን ከታች፣ ቀጭኑን በላዩ፣ ጭራሮውን ከሁሉ በላይ አድርጌ ከላይ እጭራለሁ። እንጨት ስጨምር መዝጊያውን ከፍቼ፣ በሩን ገርበብ አድርጌ እታገሣለሁ። በዚያች የመታገሥ ጊዜ ስሟን አነሣለሁ፤ ከዚያም ያንተን።

ሣጥኗን ሊዲያ ከፍታልኝ ስልኳን አገኘነው። ሲበራ ያንተ ጥሪዎች ከላይ እስከ ታች ተሰልፈውበት ነበር። አላጠፋኋቸውም።

አቶ ተረፈ ማምሻውን መጥቶ «መሪጌታ፣ በዚህ ዕድሜዎ ብርድ ይመታዎታል፤ ልዝጋልዎ» ብሎ ወደ መስኮቱ ተነሣ። «ተወው» አልሁት። እጁን ከመስኮቱ ላይ አንሥቶ አጠገቤ ተቀመጠ፤ ሁለታችንም ጋቢያችንን ተከናንበን እሳቱን ስናይ አመሸን።

ከበቡሽ ታስጽፈኝ የነበረውን ቃል አሁን በራሴ ስም መጻፍ እችላለሁ። ጭስ የለውም፣ ልጄ። መስኮቱም ክፍት ነው።

አባትህ ሀብቴ